ሐምሌ ቢያባራ

ይህን የምጽፈው ጋቢ ተከናንቤ ነው። ቦታው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፤ ቀኑ ሐምሌ 9፤ ሰዓቱ ከምሽቱ 2። ከቀትር በኋላ የያዘው ዝናብ እስካሁን አልለቀቀም። ከላዬ ያለው ጎረቤቴ በረንዳውን በቆርቆሮ ስለከደነው ዝናብ በመጣ ቁጥር እኔ ቤት ውስጥ ከበሮ የሚመታ ይመስላል። ታች ያለው መንገድ ገና አስፋልት ያልገባለት መረሬ ነው። ዛሬ አንዲት ተማሪ ጭቃው አንድ እግር ጫማዋን ነጥቋት በእንጨት ስትቆፍር አግኝቼ ረድቻት ነበር። ጫማው ወጣ፤ ሶሉ ቀረ።

ጠዋት እናቴ ስትደውል ያወራችኝ ግን የሌላ አገር ወሬ ነው። "እዚህ እኮ ምድሩ ምጣድ ሆኗል። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ከፍተው ነው የሚውሉ። ውሻውም ከእንስራው ሥር አልነሣም ብሏል።" እናቴ የምትኖረው ከቆቦ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው፤ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 570 ኪሎ ሜትር ያህል። እሷ ጋ ከተዘነበ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ።

"ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል" የሚለውን ተረት ጣል አደረግኩባት፣ ለማጽናናት ያህል። ተረቱ መምሰሉን ነው የሚያወራው፤ ቢያባራም ክረምቱ ክረምት ነው፣ አትታለሉ እንደማለት። እሷ ግን አልተጽናናችም። "ዘንድሮስ መምሰሉ ቀርቶ ሆኖ ቁጭ ብሏል" አለችኝ። ቀጥላም የሁልጊዜ ጥያቄዋን አመጣች፦ "ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?"

ሽማግሌዎቹ እነማን እንደሆኑ ለመንገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራዬ የእናቴን የአሥር ቀን ሰማይ ማንበብ ነው። መሬቱን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ መቼ ይዘራ፣ ምን ይዘራ የሚለው ውሳኔ ግን የእሷ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ እንደዛሬው ሐምሌ ላይ ሰማዩ ነጥቶ ሳለ፣ ስልኬ ላይ ባለው መተግበሪያ ለቆቦ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ቀን ላይ ደመናና ሦስት ጠብታ ተስሎ አየሁ። "እማዬ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ዝናብ አለ" አልኳት፤ የአውቶቡስ መነሻ እንደሚናገር ሰው። ልጇ የተማረ ነው፣ አመነች። ቅዳሜ ማታ ካፊያ ጣለ፤ አፈሩ ላዩን ብቻ ራሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በካፊያ አትታለልም ነበር። እኔ ማክሰኞ ስላልኩ ግን ሰኞ በሬ ተጠምዶ ሁለቱም ጥማድ ጤፍ ተዘራ።

ማክሰኞ ፀሐይ። ረቡዕም ፀሐይ። ጤፍ ደግሞ ላይ ላዩን የሚበተን ዘር ነው፤ እንደ ማሽላ አፈር ሥር ተሸሽጎ ዝናብ አይጠብቅም። በዚያች ካፊያ በቀለ፣ መሬቱን እንደ ሻጋታ ቀጭን አረንጓዴ አለበሰው፣ በሳምንቱ ተጠብሶ አለቀ። እናቴ ዘር ተበድራ እንደገና አዘራች። አንድም ቀን "አንተ ብለህ ነው" አላለችኝም። በማግስቱ ዓመት ግን ስንደዋወል ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ቤት ኪራይ ጠየቀችኝ፤ ስለ ዝናብ አንድ ቃል አልጠየቀችም። ሰኔ አለፈ፤ ሐምሌም አለፈ።

መተግበሪያው ሥዕሉን ከየት እንደሚቀዳ መቆፈር የጀመርኩት ያኔ ነው። ያቺ ሦስት ጠብታ የአንድ ስሌት ውጤት ነበረች፤ አንድ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ አስልቶ የደረሰባት። ከአምስት ቀን በላይ ላለው ነገር አንድ ስሌት ማመን፣ ሠርግ ላይ የሰሙትን የአንድ ሰው ወሬ ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ማለት ነው። የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ የሚሉት፣ ከሦስተኛው ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ያለው ማለት ነው፣ በአግባቡ ሲሠራ ብዙ ስሌት ጎን ለጎን ያስኬዳል። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው በእንግሊዟ ሬዲንግ ከተማ ያለው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1975፣ መደበኛ ትንበያ ማውጣት የጀመረው በ1979 ነው። ከ1992 ወዲህ ደግሞ በአንድ ስሌት አይወሰንም፤ አሁን 51 ስሌት እስከ 15 ቀን ድረስ ያስኬዳል። ሁሉም የሚነሡት ከዛሬው አየር ነው፤ ግን መነሻቸው በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ ይለያያል።

ለምን ይለያያል? ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ብነግር አልሰለችም። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የሚባል አሜሪካዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ የኮምፒውተር ስሌቱን ከመሀል ለመድገም ፈልጎ 0.506127 የሚለውን ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባ። ያችን ጭራ ቆረጣት፤ ምን ታመጣለች ብሎ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ስሌቶች እኩል ሄዱ፤ ቆይተው ግን ዝምድናቸው እስኪጠፋ ድረስ ተለያዩ። የሰማይን ሁኔታ ደግሞ እስከ ስድስተኛው አኃዝ ድረስ የለካ ማንም የለም። ስለዚህ ጭራዋን 51 ዓይነት አድርጎ ቆርጦ ማየት ነው የሚሻለው።

ይህንን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት፣ ይቅርታም እንደመጠየቅ ነበር፣ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "እንግዲያ ሃምሳ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል በለኛ!" አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሽማግሌዎች ናቸው።

እስከ ሦስተኛው፣ አራተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቃላቸው አንድ ነው። ከአምስተኛው በኋላ መጨቃጨቅ ይጀምራሉ፤ ከአሥረኛው በኋላ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ያወራል። ያኔ የሚጠቅመኝ አንዱ ያለው ሳይሆን ስንቱ ወደየት እንዳደላ ነው። በእኛ አገር ሰማይ ላይ ጭቅጭቁ ቶሎ ይጀምራል። አውሮፓ ላይ ዝናብ ይዞ የሚመጣው አገር የሚያክል የአየር ሥርዓት ነው፤ ውቅያኖስ ሲሻገር ከቀናት በፊት ከሩቅ ይታያል። የእኛው ግን ከቀትር በኋላ በሙቀት ይነሣል፣ በአንድ ሰዓት ይገነባል፣ አንዱን ማሳ አርሶ ድንበሩን ሳይሻገር ያልቃል። እንዲህ ያለውን ደመና ከሳምንት በፊት "የእገሌ ማሳ ላይ" ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ካለ ቃልቻ ነው እንጂ ሽማግሌ አይደለም።

በመቶኛ ልነግራት ሞክሬ አውቃለሁ። ባልደረባዬ የፊዚክሱ መምህር "65 በመቶ ብለህ ቁርጡን አትነግራትም?" ሲለኝ ነው የሞከርኩት። "65 በመቶ" ስላት "የምን ወለድ ነው?" አለችኝ። ሠላሳ ሦስቱ ይዘንባል ብለዋል፣ አሥራ ስምንቱ አይሆንም ብለዋል ስላት ግን ወዲያው ይገባታል፤ ስንት ዘር ማውጣት፣ ስንት ማስቀረት እንዳለባት ቁጭ ብላ ታስባለች።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወሩን በሦስት ከፍሎ በየአሥር ቀኑ የሚያወጣውን መግለጫም አነብላታለሁ። "ከመደበኛ በላይ"፣ "መደበኛ"፣ "ከመደበኛ በታች" የሚሉት ቃላት ታውቋቸዋለች፤ በሬዲዮም ትሰማቸዋለች። አንድ ቀን ግን "መደበኛ ማለት የየትኛው ዓመት ዝናብ ነው?" ብላ አፋጠጠችኝ። የሠላሳ ዓመት አማካይ ነው፤ አሁን የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ይህ ማለት 77 አልገባበትም። እናቴ ደግሞ ያለ 77 ሰማይን መገመት አትችልም፤ ኮረም እኮ ከእኛ በስተሰሜን ተራራው ላይ ናት፣ ያኔ ያየችውን አይታለች። 2007 ዓ.ም. ኤልኒኖ መጥቶ ክረምቱ ሲከዳ ደግሞ እኔም ትልቅ ሰው ነበርኩ፤ በታኅሣሥ 2008 እርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ "መደበኛ" ሲባል ፊቷ አይፈታም። የእሷ መደበኛ ሁለቱንም ዓመት ይዟል።

ወደ ሙቀቱ ልመለስ። ስልኬ ዛሬ ለቆቦ 36 ዲግሪ ጽፏል፤ ለእኛ ሰፈር 21። የ15 ዲግሪ ልዩነት። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ሳልከፋፍለው አላድርም። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ 2,200 አካባቢ ነን። አየር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል ከተባለ፣ ከፍታው የሚያስረዳው 5 ዲግሪ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው 10 የደመናውና የአፈሩ ነው። እዚህ ፀሐይዋ ከደመና ጀርባ ናት፤ ሾልኮ የደረሰው ሙቀትም የራሰ መሬት ሲያተን ይውላል። 1 ሊትር ውሃ ከአፈር ላይ ለማትነን፣ 1,000 ዋት ምድጃ 40 ደቂቃ ያህል ሲነድ የሚሰጠውን ሙቀት ይጠይቃል። ቆቦ ላይ አሁን የሚተን የለም። ፀሐይዋ ምድጃዋን ጥዳ የምታግለው አፈሩንና አየሩን ብቻ ነው። በደኅናው ጊዜ ሐምሌ ላይ ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር ደጋውን ተሻግሮ እስከ ራያ ሜዳ ይደርሳል፤ ሲደክም ግን ከአፋር በኩል ደረቁ አየር ገብቶ ቦታውን ይይዛል። እናቴ ይህን በአፍንጫዋ ነው የምታውቀው። "ነፋሱ ዛሬም የቆላ ሽታ አለው" ትላለች።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር። ሽማግሌዎቹን ማዳመጥ ከተማርኩ በኋላ አንድ ሙሉ ክረምት የማየው የቆቦን ነጥብ ብቻ ነበር። በካርታው ላይ የእኛን ቀበሌ ጠቅ አደርጋለሁ፣ 51ዱን እቆጥራለሁ፣ እነግራታለሁ። አንድ ቀን "እዚህ አምስቱ ብቻ ናቸው የሚሉ፣ ተስፋ የለም" ስላት፣ "ደጋው ላይስ?" አለችኝ።

"የቱ ደጋ?"

"ላስታ በኩል ነዋ! አንተ ልጅ፣ ሆርማት ከየት ነው የሚመጣ?"

ያደግኩበት መሬት ነው፤ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። የእኛ ማሳ የሚጠጣው ከላዩ የሚወርደውን ዝናብ ብቻ አይደለም። በስተምዕራብ ያለው ተራራ ላይ ከሰዓት በኋላ የጣለ ዝናብ በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ወርዶ ሌሊት ሜዳው ላይ ይደርሳል፤ ሰዉ በአፈርና በእሾህ ግድብ ጎርፉን ጠልፎ፣ በቦይ እየመራ ማሳውን ያጠጣል። ልጅ ሆነን በሌሊት ጩኸት ሲሰማ ሁሉም አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣ ነበር፤ እኛም ፋኖስ እንይዛለን። ቆቦ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ እርሻው ጉልበት ድረስ የሚርስበት ሌሊት አለ። እና እኔ አዲስ አበባ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የማሳውን ነጥብ እቆጥራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነጥብ ነው የማየው፤ ሜዳውንና ደጋውን። የደጋው ቁጥር ላይ ጥንቃቄ አደርጋለሁ፤ ስሌቱ ምድርን 9 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ሳጥኖች ከፍሎ ነው የሚያየው። ከሜዳው እስከ ተራራው ያለው ያ ሁሉ ገደል በጥቂት ሳጥን ውስጥ ተለስልሶ ኮረብታ ይሆናል። ተራራው ካጠረ ደመናውም ልክ ያጣል።

የወደቀውን የምንለካው ደግሞ በቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። አፏም ቂጧም እኩል ስፋት ያላት ጣሳ ናት፤ እናቴ ከአጥሩ ራቅ አድርጋ በሦስት ድንጋይ አቁማታለች፣ ዶሮ እንዳይገለብጣት። ጠዋት ጠዋት የክብሪት እንጨት ወደ ታች አስገብታ የራሰውን ታያለች። "እንጨቷ ግማሽ" ካለችኝ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ብዬ እመዘግባለሁ፤ በአንድ ካሬ ሜትር 20 ሊትር ማለት ነው። "ራሷ ብቻ ራሰች" ካለችኝ 2 ወይም 3። ደብተሬ ላይ በአንድ ዓምድ ሽማግሌዎቹ ያሉት፣ በሌላው እናቴ ያለችው አለ። ከሰኔ 28 ወዲህ የእናቴ ዓምድ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው።

ቀኑን መተርጎምም አንዱ ሥራዬ ነው። ስሌቱ የሚነሣው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ካለው አየር ነው፤ ረፋድ ላይ ይደርሰኛል፣ መብራት ካለ። ኮምፒውተሩ ጁላይ 26 የሚለው ለእሷ ሐምሌ ገብርኤል ነው፤ ጁላይ 23 ኪዳነ ምሕረት። በቁጥር ከነገርኳት "ስንተኛው ቀን ነው እሱ?" ብላ በጣቷ መቁጠር ትጀምራለች፤ በታቦት ከነገርኳት ግን ማን ሊዘክር እንደሆነ፣ በሬው የማን ተራ እንደሆነ ሁሉ አብሮ ይመጣላታል።

የዛሬው ጉባኤ እንዲህ ነበር። ሦስት ቀን ውስጥ ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዝናብ ስንቱ ያያል ብዬ ቆጠርኩ። እስከ ሐምሌ ሚካኤል ድረስ ሜዳው ላይ አራቱ ብቻ ናቸው፤ ሙቀቱም እንዳለ ይሰነብታል። ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ሜዳው ላይ አሥራ ዘጠኝ፣ ደጋው ላይ ሃያ ስምንት። ገብርኤል ላይ ሜዳው ሠላሳ ሦስት፣ ደጋው አርባ። ትናንት ደጋው ሠላሳ አንድ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ሃያ ስድስት። ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ ይህን አቅጣጫ እወደዋለሁ፤ በሦስት ቀን ተከታታይ አንድ ወገን ማድላታቸው ትንሽ ልብ ይሰጣል። ግን ገብርኤል አሥረኛው ቀን ነው፤ ሁሉም የየራሱን የሚያወራበት ደጃፍ ላይ።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። እሷ የምትፈራው ሌላ ነው፦ ጤፉ ከሐምሌ ማለቂያ ካለፈ መስከረም ላይ ውሃ ያጥረዋል። ጅጉርቲው ማሽላ ሚያዝያ ላይ ዝናብ ስላልነበረ አልተዘራም፤ እሱ ረጅም ወር ስለሚፈልግ ዘንድሮ ቀርቷል። ያለው ጤፉ ነው፤ ቶሎ የሚደርሰው ጸደይ የሚባለው ዘር።

"አንዱን ጥማድ ብቻ ለገብርኤል ላዘጋጅ?" አለችኝ።

"ሁለቱም ይታረስ፣ እማዬ። ዘሩ ግን ከጎተራ አይውጣ።"

"ካፊያ ቢጥልስ?"

"ካፊያ ቢጥልም አይውጣ።"

ትንሽ ዝም አለች። በስልኩ ውስጥ ዶሮ ይሰማኝ ነበር። "እሱን እንኳ ያኔም አውቀው ነበር" አለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ጤፍ ያለችው ይሄን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ብርድ ነው ወይ፣ ጋቢውን ለብሰሃል ወይ፣ ያ በር ስር የሚገባው ውሃ ተደፈነ ወይ። ልትዘጋ ስትል "ሆርማት ሲጮህ እደውልልሃለሁ፤ ሌሊትም ቢሆን ስልክህን እንዳታጠፋ" አለችኝ።

መብራት ከቀትር ጀምሮ የለም። ስልኬ 14 በመቶ ላይ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ የቀረችውን ለእሱ ላስቀርለት።